ሁለት ኮዳ ውሃ

ቅጽል ስም የሚያወጣው ሰው ስቆ ያልፋል፤ ስሙን ተሸክሞ የሚኖረው ግን ሌላ ነው። በላውንደሪው የመተኮሻ አዳራሽ «ግመሉ» የሚሉት ሰውዬ ስሙን ያገኘው ገና በጎልማሳነቱ፣ ሙቀቱ አናት በሚያፈላበት አንድ በጋ ነው። ሌሎቹ እየተፈራረቁ ወደ ቧንቧው ሲሮጡ እሱ ከማሽኑ ፊት ንቅንቅ ሳይል፣ አንዲት ጉንጭ ውሃ ሳይቀምስ ዋለ። አንዱ ቀልደኛ «ይሄ ሰውዬ ሻኛውን የት ደብቆት ነው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ጸና። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሷም የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው።

እሱ ስሙን ወደደው። ሰው ሌላ የሚኮራበት ነገር ሲያጣ በጥማቱም ይኮራል።

ሥራው እንዲህ ነው። ላውንደሪው የሆቴሎችንና የሆስፒታሎችን አንሶላ ያጥባል። የታጠበው አንሶላ እርጥበቱን እንደያዘ ወደ አዳራሹ ይመጣና፣ ሮለር በሚሉት፣ ውስጡ በእንፋሎት በሚግል ረጅም የብረት ጥቅል ስር ያልፋል። በአንድ ሮለር ሁለት ሰው ይቆማል። ከፊት ያለው «ሰጪ» ይባላል፤ አንሶላውን በሁለት ጫፉ ወጥሮ ብረቱን ያጎርሰዋል። ከኋላ ያለው «ተቀባይ» ነው፤ የተተኮሰውን እየተቀበለ ያጥፋል። ብረቱ አይቆምም። ሰጪ ዘወር ካለ ተቀባይ እጁን አጣጥፎ ይቀራል፤ ተቀባይ ዘወር ካለ ደግሞ አንሶላው መልሶ እየተጠቀለለ ይቃጠላል። ስለዚህ ሽንት ቤት መሄድ የራስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ የጓደኛም ጉዳይ ነበር። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከግቢው ማዶ፣ ከማሞቂያው ክፍል ጀርባ ነው። ውሃ የጠጣ ይሄዳል፣ የሄደ ጓደኛውን ያስወቅሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ በዚያ አዳራሽ አለመጠጣት ጨዋነት፣ መጠጣት ነውር ሆነ። ማንም አልደነገገውም፤ ከተደነገገው ይልቅ ግን ይከበር ነበር።

የዚህ ደንብ ጠባቂ ግመሉ ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ደረቱን ነፋ አድርጎ ያስተምራል።

«የሚያልበው የጠጣ ሰው ነው» ይላል። «ያልጠጣ ምኑን ያልበዋል? ደግሞ በላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋ ሳንባውን ነው የሚመታው።»

ይህን ከሐኪም አልሰማውም። ከሱ በፊት በዚያ ሮለር ላይ የነበረው ሰጪ ሲል ሰምቶ ነው። ያ ሰውዬ በምን እንደሞተ የጠየቀ አልነበረም። ፊቱና እግሩ አብጦ ነበር የሞተው።

ግመሉ አንዲት ልጅ አለችው። ትምህርቷን ጨርሳ የየመሥሪያ ቤቱን በር ስታንኳኳ ከከረመች በኋላ፣ የሱ ተቀባይ ጡረታ ወጣና አለቃውን ለምኖ በቦታው አስገባት። ሚስቱ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ምላሷ ከመርፌዋ አይተናነስም።

«አንተ የደረቅህበት አይበቃም?» አለችው። «እሷንም ልታደርቅልኝ ነው?»

«ሥራ ነው እኮ ያገኘሁላት።»

«ይሁን። ግን ልጄ በጥም ስታር አልሰማ።»

ልጅቷ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሰው ውሃ ጠጣች፤ እንደ ሰውም ሽንቷ መጣ። አባቷን እንዳታስቆጣ ሳትነግረው ሹልክ ብላ ስትሮጥ፣ እሱ አጎንብሶ የሚቀጥለውን አንሶላ እያጎረሰ ነበር። የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ ሲመጣ ቀና ቢል ተቀባይ የለም። አንሶላው መሃል ለመሃል ቡናማ ግርፋት ይዞ ወጣ።

በዚያ አዳራሽ ያቃጠለ ሰው ያቃጠለው አንሶላ ከራሱ በላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። አሮጌ ልማድ ነው፤ ቀልድ ነው ይሉታል፣ የተሰቀለበት ሰው ግን ሲስቅ ታይቶ አይታወቅም። በግመሉ ሮለር ላይ አንሶላ ተሰቅሎ አያውቅም ነበር። የሰቀለው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እስኪሰቅልበት አልጠበቀም። ልጅቷ ከዚያ አንሶላ ስር ቆማ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እስከ ማታ አጠፈች።

ወደ ቤት ሲሄዱ «በኔ ሮለር ላይ ውሃ አይጠጣም» አላት። «ከፈለግሽ ማታ ቤትሽ ገብተሽ ገንዳ ሙሉ ጠጪ።»

«እሺ አባዬ።»

በማግስቱ አልጠጣችም። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ፣ ማታ ሲወጡ ከጎኑ ፈጠን ፈጠን እያለች «አየኸኝ አባዬ? ዛሬ አንዴም አልጠጣሁም» አለችው። ግመሉ በሙገሳ የሚታወቅ ሰው አይደለም፤ ልጁን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያመሰገነበትን ቀን ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይተርፋል። ያን ዕለት ግን ትከሻዋን መታ አድርጎ «የኔ ልጅ» አላት። ለዚች ቃል ስትል ልጅቷ እንኳን ውሃ አየርም ትተው ነበር።

ችግሩ እናት ናት። እናት በየጠዋቱ ሁለት ኮዳ ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ክዳኑን በጨርቅ አስራ ትሰጣቸዋለች። «አንዱ ያንተ፣ አንዱ የሷ። ባዶውን አምጡልኝ» ትላለች። ሁለቱም ኮዳ እንደሞላ የተመለሰ ለታ በቤቱ የተነሳው ጠብ ጎረቤት አስወጣ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን ማታ፣ ከላውንደሪው በር ሲወጡ፣ ግመሉ ከዘበኛው ቤት አጠገብ ካለች አንዲት ቀጫጫ ዛፍ ስር ቆመና ኮዳውን ከፍቶ ደፋው።

ልጅቷ የራሷን ኮዳ እንደያዘች አየችው።

«ለእናትሽ አንነግራትም» አላት። «ሰላሟን እንጠብቅላት ብለን ነው።»

እሷም ደፋች። እናት ማታ ኮዳዎቹን እያጋደለች ባዶ መሆናቸውን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ከዚያ ወዲያ ባሏን በውሃ ነገር አልተናገረችውም። ቤቱ ሰላም ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ያልተጠጣ ውሃም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የነገራቸው የለም።

ያ በጋ አለፈ። ሁለተኛው መጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከፊተኛው ባሰ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ከላይ፣ እንፋሎት ከታች፣ የማድረቂያዎቹ ትንፋሽ ከጎን። በሰዎች ልብስ ላይ ላባቸው ደርቆ የጨው ካርታ ሠራ። በመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ አለች፤ በውስጧ ሁሉም እያዋጣ የሚገዛው የራስ ምታትና የወገብ ማስታገሻ ክኒን አለ። ራሱን ያመመው እጁን ከቶ ሁለት ያነሳና በደረቁ ይውጣል። የጣሳዋን ጉዳይ የሚከታተለው ግመሉ ነው። አባታዊ ሰው ነበር፤ ለታመመ ክኒን አይሰስትም።

የልጅቷን ወገብ ማመም የጀመረው በዚያ በጋ መጀመሪያ ነው። ከጎድን አጥንቷ በታች ወደ ኋላ፣ በሁለቱም በኩል። «መቆም ነው» አላት አባቷ፤ «እኔንም ያመኝ ነበር፤ ይለመዳል።» ከጣሳዋ ሁለት ክኒን አውጥቶ በመዳፏ አኖረላት። በማግስቱም ሁለት። ከዚያ በኋላ ራሷ ማውጣት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጣች። አለቃው ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛውን ሰብስቦ እሷን ከፊት አቆማት። ልጅ እግር ናት፤ ድምፅዋ በማድረቂያዎቹ ጩኸት እየተዋጠ ነበር የምትናገረው።

«በዚህ ሙቀት እስኪጠማችሁ አትጠብቁ» አለች። «ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ሽንታችሁን እዩት፤ ገረጣ ካለ ደህና ናችሁ፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ኩላሊታችሁ ተጨንቋል ማለት ነው። ሲመጣባችሁም አትያዙት። ይሄን ማስታገሻ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቃሙት። ውሃ ያነሰው ሰውነት ላይ ሲገባ ኩላሊት ይጎዳል።»

አዳራሹ ወደ ግመሉ ዞረ። ከሱ አንድ ነገር እንደሚጠበቅ ገባው፤ አላሳፈራቸውም።

«እህቴ» አላት ክንዱን አጣምሮ፣ «እኛ እዚህ የምናየው የሰው አንሶላ ነው። የራሳችንን ሽንት የምናይበት ጊዜ የለንም።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ነርሷ ቀላች። ሰዉ ወደየሮለሩ ሲበተን ልጅቷ ግን አልተነቃነቀችም። አባቷ ከቦታው ሆኖ ሲያያት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ነርሷ አንድ ሁለት ራመድ አለች፣ አፏንም ከፈተች።

«ተቀባይ» ብሎ ጠራት።

በሥራ ሰዓት ልጄ አይላትም። ልጅቷ አፏን ዘጋችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ነርሷም ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

አለቃው በዚያው ወር ልጅቷን በሰው ፊት አመሰገናት። «ከግመሉ ቤት ግመሊት ወጣች» አለ። ስሙ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከዛፏ ስር ቆመው ኮዳቸውን ሲደፉ አባትና ልጅ እንደ ባልንጀራ ይሳሳቁ ነበር። ግመሉ በሕይወቱ ከልጁ ጋር እንደዚያን ጊዜ ተስማምቶ አያውቅም። ይህን ነገር አሁን ሲያስበው ያንገበግበዋል፤ ደስ ብሎት ነበራ።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ ፊቷ አብጦ ተነሳች። ዓይኗ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጫማዋ እግሯን እምቢ አለ። እናት ባየቻት ጊዜ ክው አለች።

«ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አለች።

«እንቅልፍ ነው» አለ ግመሉ። «ይወርድላታል።»

«እንቅልፍ እግር ያሳብጣል?»

እንግዲህ ይህን መናገር ደስ አይልም፤ ግን የሆነው እንደዚህ ነው። እናት ልጇን ደግፋ ወደ ሆስፒታል ሄደች፤ አባት ወደ ሥራ ሄደ። ተቀባይ የሌለው ሮለር እንዴት ይሆናል ብሎ ነው። እናትም ከልማድ ብዛት፣ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል፣ ሁለት ኮዳ ሞልታ ከበሩ ሥር አስቀምጣ ነበር። ሁለቱንም አንጠልጥሎ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ «ሚስትህ በር ላይ ናት» ብለው ጠሩት። አዳራሹን አቋርጦ፣ ግቢውን አልፎ ወደ በሩ ሲቀርብ ድምፃቸውን ሰማ። ዘበኛው ጨዋታ የሚወድ ሽማግሌ ነው፤ ቆማ የምትጠብቅ ሴት አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

«ሐኪሙ ስለ ሥራቸው አባቷን ልጠይቅ ብሎ ነው» ትለው ነበር ሚስቱ። «በቂ ውሃ ትጠጣለች ወይ ይለኛል። ሁለት ኮዳ ይዘው ወጥተው ባዶውን ነው የሚመልሱት አልኩት። እኔው ነኝ የምሞላው። ታዲያ ከምን መጣ ብሎ ግራ ገባው።»

«አይዞሽ እህቴ፣ ይሻላታል» አለ ዘበኛው። «ደግ ልጅ ናት። አባትየውም ደግ ነው። ይቺን ዛፍ አየሻት? ደርቃለች ብዬ ልቆርጣት ነበር እኮ። ባልሽና ልጅሽ ናቸው በየማታው ኮዳ ኮዳ ውሃ እያጠጡ ነፍስ የዘሩባት። በዚህ ሐሩር የሰፈሩ ዛፍ ሁሉ ሲጠወልግ እሷን ተመልከቻት።»

ግመሉ በሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሚስቱ ወደ ዛፏ ዞረች። ዛፏ ቁመቷ ከዘበኛው ቤት ጣሪያ በልጧል፤ ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሴትዮዋ አልጮኸችም። እጇን ሰደደችና አንዲት ቅጠል በጣቶቿ መሃል ይዛ ደባበሰች፣ ልክ ልብስ ልትሰፋ ጨርቅ እንደምትፈትን።

«ለምልማለች» አለች።

ከዚያ ዞር ስትል ባሏን አየችው። በስሙ ጠራችው፤ እናቱ ባወጣችለት።

«እኔ አንተን ምን አደርግሃለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ልብና ኩላሊትን የሚመረምረው እሱ ይፍረድ።»

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ግመሉ የነገረውን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ስለ ሮለሩ፣ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ክኒኗ ጣሳ። ከዚያ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አንዱ ኩላሊቷ ትንሽ እንደነበር፣ ሰው ሳያውቀው ዕድሜ ልኩን ከዚህ ጋር ሊኖር እንደሚችል ነገራቸው።

«ውሃ ብታገኝ ኖሮ ሌላኛው ይበቃት ነበር» አለ። «አሁን ሁለቱም ደክመዋል። ባንድ ቀን የመጣ አይደለም። እጥበት መጀመር አለባት።»

እጥበት ማለት ደሟን በማሽን ማጠብ ነው። በየሳምንቱ እየተመላለሰች፣ ግማሽ ቀን ተኝታ፣ ክንዷ ላይ ሁለት ቱቦ ተተክሎ። መጀመሪያ ቀን ግመሉ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ሲያይ፣ የተኛችበት አንሶላ ከነሱ ላውንደሪ የመጣ ነው፤ ጠርዙን አይቶ አወቀው። እሷ ያጠፈችው ይሆናል። የአንሶላውን ጥግ ጎተት አድርጎ አስተካከለ።

«የኔን ስጧት» አለ ለሐኪሙ። «አንዱን አውጡና ስጧት። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ሁለቱን።»

እናቷ ስኳር አለባት፤ እሷ ገና ስትጠይቅ ነው የከለከሏት። ስለዚህ ተስፋው እሱ ነበር። መረመሩት። ደም ወሰዱ፣ ሽንት ወሰዱ፣ ሆዱን በመሣሪያ አዩት። ውጤቱን ሊሰማ የገባ ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። ሚስቱም ከዛፏ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌታውን አስተካከለችለት።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየ።

«አባቴ፣ የርስዎም ኩላሊቶች ደህና አይደሉም» አለ። «አብዛኛውን ሥራቸውን አቁመዋል። መስጠቱ ይቅርና የቀረውን እንዴት እንደምናቆይልዎ ነው ማሰብ ያለብን። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ይጠጡ። ቀኑን ሙሉ፣ ሳያቋርጡ። ማስታገሻ የሚባል በአፍዎ እንዳይዞር።»

«ልጄስ?»

«እሷ ደግሞ መጠጣት የለባትም። ሽንቷ ስለቆመ የምትጠጣው መውጫ የለውም። ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል፤ ሲበዛ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። በቀን አንድ ብርጭቆ ብታገኝ ነው፤ ከዚያ አንድ ጉንጭ እንዳታልፍ።»

ግመሉ ውሃ ሳንባ ይመታል እያለ ስንቱን አስፈራርቶ ነበር። ይኸው እውነት ሆነለት።

ወደ ሥራው ተመለሰ። ለመመለስ ልብ ኖሮት አይደለም፤ ሕክምናው ያለ ሥራ አይሆንም። የተመለሰ ቀን ትልቅ ጀሪካን ውሃና ኩባያ ተሸክሞ ገባ። ከሮለሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ «ጠጡ» አለ። ሰዉ መጀመሪያ የቀለደ መሰለው። ቀጥሎ ኩባያውን ሞልቶ እሱ ራሱ ሲጠጣ አዩት።

«ግመሉ አረጀ» አለ አንዱ ከወዲያ በኩል።

«ስሙኝ» አለ ግመሉ። «ልጄን በቁሟ የገደልኳት እኔ ነኝ። ውሃ ከልክዬ። እናንተንም እየገደልኳችሁ ነው። ሽንት ቤት የሚሄድ ካለ እኔ ሮለሩን አቆማለሁ፤ አለቃው ሲመጣ እኔ እናገራለሁ።»

አዘኑለት። ከንፈር መጠጡለት። ግን አላመኑትም። «ልጅቷ ከድሮም ቀጭን ነበረች» አሉ። «ሀዘን ነው የሚያናግረው» አሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የጓደኛው መልስ ነበር። በሚቀጥለው ሮለር ላይ ከጉልምስናው ጀምሮ አብሮት የቆመ ሰው ነው።

«አንተ ይኸው ሳትጠጣ ዕድሜህን ሙሉ ቆመሃል አይደል?» አለው። «ምን ሆንክ?»

«የኔም ሞተዋል እኮ ነው የምልህ።»

«ተው ባክህ። ቆመህ እያየሁህ?»

ኩላሊት እንደ እግር አያነክስ፣ እንደ ጥርስ አይወልቅ። አሳይተው የማያሳምኑት በሽታ ነው። አንድ ዕድሜ ሙሉ በአካሉ ያስተማረውን ትምህርት ባንድ ቀን በአፉ ሊያስጥላቸው መሞከሩ ውሃ መውቀጥ ነበር። ጀሪካኑ ማታ ድረስ እንደሞላ ቆየ። በሦስተኛው ቀን አለቃው ውሃው አንሶላ ላይ ይፈናጠቃል ብሎ ከአዳራሹ አስወጣው።

በልጁ ቦታ የተተካችው ተቀባይ አዲስ ናት። ሥራ በማግኘቷ ደስ ብሏታል፣ እጇም ፈጣን ነው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ ሮለሩ ሲጠፋ፣ ግንባሯን በክንዷ እየጠረገች ወደ ግመሉ መጣች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አየኸኝ ጋሼ?» አለችው። «ዛሬ አንዴም አልጠጣሁም።»

ፊቷ ላይ ያለውን ያውቀዋል። የምትጠብቀውንም ቃል ያውቀዋል። ግመሉ ኮዳውን ከፍቶ በእጇ አስያዛትና «ጠጪ» አላት። እሷ ፈተና መሰላት፤ ሳቅ ብላ ኮዳውን መለሰችለት። «ጠጪ አልኩሽ» ብሎ ጮኸባት። ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ሰዎች መጥተው ትከሻውን ይዘው አወጡት። ከዚያ በኋላ አዲሷ ተቀባይ በሌላ ሮለር እንድትሠራ ጠየቀች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሚስቱ የሰፋችውን ልታስረክብ ወጥታለች። ቤቱ እንደ አዳራሹ ግሏል። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ክንዷ ላይ የነበረው ፋሻ ተነስቶ የመርፌው ጠባሳ ይታያል። ከራስጌዋ የቀን ድርሻዋ የነበረበት ብርጭቆ አለ። ገና ቀትር ሳይሆን ጨርሳዋለች። አባቷ በካርቶን ቁራጭ ያራግብላታል።

«አባዬ።»

«አቤት ልጄ።»

«አንዲት ጉንጭ ስጠኝ።»

ካርቶኑን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ።

«ማርጠቢያ ብቻ። አልውጠውም።» ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ነው የምትናገረው። «ለእማዬ አንነግራትም።»

ግመሉ ማራገቡን አቆመ። ኮዳው ከእግሩ ሥር ነው፤ ሚስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ሞልታለታለች፣ አሁን የምትሞላው አንዱን ብቻ ነው። አነሳው። ጨርቁን ፈታ። ልጅቷ ዓይኗ ከእጁ ላይ አልተነቀለም። ያን ሁሉ ማታ ይህንኑ ኮዳ ከፍቶ መሬት ላይ ሲደፋው እጁ አልከበደውም ነበር። አሁን ክዳኑን ማዞር አቃተው። ቢሰጣት ሳንባዋ ነው፤ ባይሰጣት ዓይኗ ነው።

«አይቻልም ልጄ» አላት። «አይቻልም።»

አላለቀሰችም። ለማልቀሻም ውሃ ያስፈልጋል። ትራሱ ላይ ራሷን አስተካክላ የተሰነጠቀ ከንፈሯን ፈገግ አደረገችው። ሽሙጥ አልነበረበትም፤ ሽሙጥ ቢኖርበት በተሻለው።

«ይኸው አባዬ» አለችው። «አሁን ግመል ሆንኩልህ።»

ድሮ ለዚህ መልስ ነበረው። ሁለት ቃል ነው፤ ትከሻ መታ አድርገው የሚሏት። አሁን ግን አላላትም። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንተ ሂድና ጠጣ» አለች። «ሐኪሙ ጠጣ ብሎሃል። ግን ራቅ ብለህ፤ ስትውጥ እሰማዋለሁ።»

ኮዳውን ይዞ ወጣ። ቤቱን ዞሮ ከጀርባ፣ መስኮት ከሌለበት ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቆመ። ክዳኑን ከፈተ። ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣም ነበርና ጉሮሮው ደርቋል። ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ እያለ፣ በትንሽ በትንሹ ዋጠ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጣፈጠው፤ ያስለቀሰውም ይኸው ነው።